አምስቱ ተመላሾች

ኔትወርክ ከጠፋ አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን የሚያወጣው ሰዓት ሊያይበት ወይ ፊልም ሊያይበት ብቻ ሆኗል። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ አንድ ሳምንት ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ትምህርት ቤቱ ከገና በኋላ በሩን አልከፈተም። ገበያው ይቆማል፤ ነገር ግን ሰው የሚገበያየው ግማሹን ዕቃ ሳያራግፍ፣ ጆሮውን ወደ ወግዲ በኩል ቀስሮ ነው። ከዚያ በኩል አልፎ አልፎ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ሲመጣ ነጎድጓድ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

አልታዬ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ናት። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል፣ ልጅም የላትም። ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ሰሞን የተማሪዎቿን ድርሰት አርማ ጨረሰች። ቀጥላ የአምናውን አወጣችና እሱንም እንደገና አረመች። ከዚያ በኋላ የሚታረም ነገር አለቀባትና መስኮት ላይ መቀመጥ ጀመረች።

ቤቷ ከሳዲቅ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሳዲቅ ስልክ ይጠግናል፣ በፍላሽና በሚሞሪ ፊልም ይጭናል። ባለቤቱ ፈይዛ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ አልታዬ ሳዲቅ ሲያስነጥስ ከዚህ ወዲያ ሆና «ይማርህ» ትለዋለች፣ እሱም ከዚያ ወዲህ «ያኑርዎት» ይላታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳዲቅ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ በሯን አንኳኳ።

«እትዬ አልታዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው።»

«ግባ። ምነው ፊትህ?»

ተቀመጠና መሬት መሬቱን እያየ ነገራት። «አስቻለችን ያውቋት የለ፣ ቆሎ ሻጯን።»

«ልጇ የጠፋባትን?»

«እሷን። ከመስከረም ወዲህ የልጁ ወሬ የለም። ባለፈው መጥታ ‹ልቤን የሚያረጋጋ፣ ልቅሶ የሌለበት ነገር ጫንልኝ› አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! ሽፋኑ ላይ ሲስቁ አይቼ አንዱን ጫንኩላት። ለካ መሀሉ ላይ ልጁ ይሞታል።»

«ውይ! ምን አለችህ ታዲያ?»

«ምንም። ዛሬ ጠዋት ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ‹አጥፋልኝ› አለች፤ በቃ። እስካጠፋው ቆማ አየችኝ። ወላሂ እትዬ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከአርባ በላይ ፊልም ነበረው፤ ሁሉም ኔትወርክ ከመጥፋቱ በፊት የተቀዱ ናቸው። ቁጭ ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። «እርስዎ ነገር መመርመር ሥራዎ ነው» አላት። «እያዩ ይለዩልኝ። ሰውን የማይጥለውን። ሰው አይቶት ሲነሳ ቀና ብሎ የሚሄድበትን።»

እንዲህ ሆነና አልታዬ ፊልም ተመልካች ሆነች። መብራት ቀን ቀን ነበር የሚመጣው፤ በመጣ ቁጥር ፈይዛ ሆዷን ደግፋ ትመጣለች፣ መጋረጃውን ይዘጋሉ፣ ሁለቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አብዛኞቹ ትርጉም ፊልሞች ነበሩ፤ የሰዎቹ ድምፅ ከሥር እየተሰማ አንድ ተራኪ በአማርኛ የሚያወራባቸው። ፈይዛ ተራኪውን ወዳዋለች፣ «ይሄ ሰውዬ ውሸቱም ያምርበታል» ትላለች።

ብዙዎቹን ጣሉ። ደም የበዛበትን ጣሉ፣ ቅናት የበዛበትን ጣሉ። መንገድ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ፊልሙን አቁመው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ከመጋረጃው ወዲያ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ተሰማ፣ ቀጥሎ የሚያሳድዱት ሰዎች ኮቴ፣ ቀጥሎ ምንም። ፈይዛ የአልታዬን እጅ ጨብጣ ቆየች። የሱቆች በር ሲወርድ ተሰማ፣ አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ እስከ መስጊዱ ድረስ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ፊልሙን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ሌላ ምን ያድርጉ።

በሁለተኛው ሳምንት አምስት ፊልም ለይተው አወጡ። አንደኛው መንደር በጎርፍ ሲወሰድ ነው። ሰው ሁሉ ሸሽቶ ካለቀ በኋላ አንዲት ነርስ ጣሪያ ላይ የቀረ ሽማግሌ እንዳለ ታስታውሳለች። ሁለተኛው የህንድ ነው፤ ወንድም ከሠርጉ ድግስ ተነስቶ በቀድሞው የባቡር ጣቢያ የቀረች እግረ ሽባ እህቱን ፍለጋ ይሄዳል። ሦስተኛው ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከናዳ ያመለጠ ቆፋሪ ለባልደረባው ብሎ ተመልሶ ይገባል። አራተኛው የሀበሻ ፊልም፣ አረብ አገር ያሉ ሁለት የቤት ሠራተኞች ታሪክ፤ አንዷ የአውሮፕላን ትኬት በእጇ ይዛ ለታመመችው ጓደኛዋ ስትል ወደሸሸችው ቤት ትመለሳለች። አምስተኛው የልጆች ካርቱን ነው፤ አንድ ዝይ ክንፏ የተሰበረ እህቱን ሊያመጣ ከመንጋው ተለይቶ ይበራል።

ካርቱኑ መሀል ላይ ፈይዛ ጭኗን መታች። «ይሄም ሊመለስ ነው! እትዬ፣ ልብ ብለዋል? ሁሉም እኮ ይመለሳሉ።»

አልታዬ ፊልሙን አቆመችው። አምስቱን በጣቷ ቆጠረች። እውነትም በአምስቱም ውስጥ መዳን የሚችል ሰው አለ፤ ድኗል፣ ወጥቷል፣ ተገላገለ ሲባል ዞር ይልና ወደኋላ ያያል። አገሩ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች አይተዋወቁም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ጥርስዋ ውስጥ የቆየ ብርድ የለቀቃት ያህል ተሰማት። ለወራት እንዲህ ያለ ነገር አላገኘችም ነበር።

ወዲያው ካርቶን ቀድዳ በማርከር ጻፈች፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በምትጽፍበት በዚያ ክብ ክብ ባለ ፊደሏ፦

«ሰው ሰውን ጥሎ የማይቀርባቸው አምስት ፊልሞች። የቀረውን ሊያመጣ የሚመለስ አለ። አይዟችሁ።»

ሳዲቅ ካርቶኑን ሱቁ በር ላይ ለጠፈው። አምስቱን ፊልም አንድ ፎልደር ውስጥ ከትቶ «ተመላሾች» ብሎ ሰየመው።

እሷም እሱም ያልጠበቁት ነገር ሆነ። ሰው ወረፋ ያዘ። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ገብስ ይዞ ገበያ የወጣው ገበሬ ሳይቀር ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «ተመላሾቹን ጫንልኝ» ይላል። አስቻለችም መጣች። ወረፋውን ጠብቃ ስልኳን ሰጠች፣ ተቀበለች፣ «አላህ ይስጥህ» ብላ ሄደች። ሳዲቅ ግድግዳውን ቆርቁሮ ለአልታዬ ነገራት፤ ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆኖ ነበር።

ቅዳሜ ለት አልታዬ ድንች ልትገዛ ገበያ ወጣች። ከጎኗ ሁለት ወጣቶች ተገናኙ።

«ተመላሾቹ ደረሱህ?» አለ አንደኛው።

«ሦስቱ ደርሰውኛል። ሁለቱ ይቀራሉ።»

«መቼ ነው?»

«ነገ ይገባሉ።»

አልታዬ ልትስቅ ነበር። ሳቋ ከንፈሯ ላይ እንደ ደረሰ ግን ከድንቹ ክምር ባሻገር ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው አየች። የያዘውን ሽንኩርት መልሶ አስቀመጠና ወጣቶቹን በዓይኑ ሸኘ። ከዚያ ወደ ሳዲቅ ሱቅ በሚወስደው መንገድ ሄደ። አልታዬ ድንቹን ሳትገዛ ተከተለችው። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ካርቶኑን አነበበ፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው፣ ለሳዲቅ ፈገግ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ አለፈ።

ያን ለት ለሳዲቅ «ካርቶኑን አንሳው» አለችው።

«ምነው? ምን ክፉ ነገር አለበት?»

«ክፉ ነገር የለበትም። አንሳው ብቻ።»

«አብሽሩ እትዬ፣ ሰኞ አነሳዋለሁ። ሰው ገና እየመጣ ነው።»

ሰኞ አላነሳውም። ማክሰኞ ከዙሁር ሶላት መልስ መኪና መጣ።

አልታዬ ግድግዳው ሥር ነበረች፤ ሁሉንም ሰማች። የብረት በሩ ሲንኳኳ፣ መሳቢያ ሲገለበጥ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ «አምስቱ እነማን ናቸው?» ሲል። ሳዲቅ ፊልም ነው አለ። እንደገና ጠየቁት፤ እንደገና ፊልም ነው አለ። የሆነ ነገር ወደቀ። «ይህንን ማን ጻፈው?» የሚል ድምፅ መጣ።

ሳዲቅ ከተጠየቀው በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ግድግዳውን አልፎ እንዲሰማ አድርጎ፣ «እኔ ነኝ የጻፍኩት! ማንም የለበትም፣ እኔው ነኝ!» አለ።

አልታዬ ተነስታ በሩ ድረስ ሄደች። መቀርቀሪያውን ያዘች። እጇ ከመቀርቀሪያው ላይ ሳይንቀሳቀስ ቆየ፤ መኪናው ተነሳ፣ ሄደ፣ ድምፁም ጠፋ፤ እጇ ያው እዚያው ነበር።

በኋላ ፈይዛ መጣች። ዓይኗ ደርቋል፣ አላለቀሰችም። «ከከተማው ዳር ያለው የእህል መጋዘን ነው የወሰዱት» አለች። «እትዬ፣ እርስዎ ይሂዱ። ጽሑፉን አይተው ማንነትዎን ለማወቅ ስንት ቀን ይፈጅባቸዋል? ግማሽ ከተማውን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፤ ፊደልዎን የማያውቅ የለም።»

«አንቺስ?»

«እኔ በዚህ ሆዴ ወዴት እሄዳለሁ። ባሌም እዚህ ነው።»

የአልታዬ እህት እንቁ ወረኢሉ ነው የምትኖረው። በማግስቱ ጠዋት ገብስ የጫነ አይሱዙ ወደዚያ እንደሚሄድ ተሰማ። አልታዬ ሁለት ቀሚስ፣ ጋቢና የትምህርት ማስረጃዋን በፌስታል ቋጥራ ሄደች። ከሾፌሩ ጎን ሞልቶ ስለነበር ከኋላ ጆንያ ላይ አስቀመጧት። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሸራውን እያጠበቀ ሳለ እሷ ጆንያው ላይ ሆና ስለነዚያ ፊልሞች አሰበች፤ አሰበችና ተናደደች። እዚያ ሰው ዞር ሲል ሙዚቃ ይጀምራል። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ይቃናል። የሚመለሰው ሰው ፊት ላይ ብርሃን ይወድቃል። እዚህ የገብስ አቧራ አፍንጫዋን ይቆጠቁጣታል፣ ሽንቷም መጥቷል። ተመልሳ ምን ትሠራለች? አንድ የነበረውን እስረኛ ሁለት ማድረግ አይደለም ወይ? ነገሩን እንዲህ አድርጋ ስታወጣው ስታወርደው ልክ ሆነላት። ልክ ሆነላትና፣ ሳታስበው፣ ያ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ያለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ።

መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ሸራውን ደበደበች።

«አውርዱኝ!»

«ሴትዮ፣ ይወስኑ እንጂ!» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ። «መንገዱ ሳይዘጋ መድረስ አለብን!»

ወረደች። ፌስታሏ ጆንያው ላይ ቀረ፤ መኪናው ይዞባት ሄደ።

መጋዘኑ በር ላይ የቆመው ጠባቂ መጀመሪያ አባረራት። «ካርቶኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ በላቸው» ስትለው ግን ውስጥ ገብቶ ወጣና አስገባት።

ኃላፊው ገበየሁ ይባላል። ሰላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ዓይኑ እንቅልፍ ባጣ ሰው ዓይን የቀላ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ጠረጴዛው ላይ ካርቶኑ ተቀምጧል፣ አጠገቡ የሳዲቅ ላፕቶፕ።

«ሳዲቅ እኔ ነኝ የጻፍኩት ብሏል» አላት።

«ወረቀት ይስጡኝ።»

ሰጣት። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ያንኑ አድርጋ ጻፈችለት። ከካርቶኑ ጋር አስተያየና ወረቀቱን ገለበጠው።

«እሺ መምህርት። አምስቱ ከየት ነው የሚመለሱት?»

«ፊልም ናቸው እኮ።»

«ከተማው በሙሉ ‹ሦስቱ ደረሱ፣ ሁለቱ ነገ ይገባሉ› እያለ ነው። እኔ ደግሞ ለበላዮቼ ፊልም ነው ብዬ ልጻፍላቸው?»

«እውነቱ እሱ ነው። ሰዎች አዝነው ነበር። የሚያጽናና ነገር ፈለግን። አምስቱም ላይ አንድ ነገር አገኘን፤ ጻፍነው። ላፕቶፑ እዚሁ አለልዎት፤ ይዩአቸው።»

«እኔ ፊልም የማይበት ጊዜ ያለኝ ይመስልዎታል?»

«ሰው የሚያስሩበት ጊዜ ካለዎት ይኖርዎታል» አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች።

ገበየሁ ጠባቂውን ጠርቶ «ሦስተኛዋ ክፍል» አለው።

ክፍሏ ባዶ ናት፤ ወለሉ ላይ የወዳደቀ ስንዴ አለ፣ ጥጉ ላይ የተሰበረ ሚዛን። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ያስላል። ሳሉን አወቀችው።

«ሳዲቅ!»

ሳሉ ቆመ። «እትዬ? እርስዎ ነዎት? ምን ሊሠሩ መጡ!»

«ዝም በል። አብሽር።»

«እኔ እኮ እርስዎን ብዬ ነው…»

«ሰምቻለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለችው።

በነጋታው ረፋድ ላይ ከቢሮው በኩል አንድ የምታውቀው ድምፅ መጣ፤ የትርጉሙ ተራኪ ነው። ስለ ጎርፉ ያወራል። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ፊልሙ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ሁለተኛው ጀመረ። ከሰዓት ላይ መኪና ግቢው ውስጥ ገባና ተራኪው ተቋረጠ። አንድ በር ተከፈተ፤ የሷም የሳዲቅም አይደለም። በባዶ እግሩ የሚጎተት ሰው አለፈ። «ጫማዬን፣ ጫማዬን ልልበስ» ሲል ሰማችው። መኪናው ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ተራኪው ካቆመበት ቀጠለ። አልታዬ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

በአምስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ገበየሁ አስጠራት። ሳዲቅም መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ አንድ ዓይኑ አብጧል። ጠባቂዎቹ ምግብ ላይ ስለነበሩ ግቢው ጭር ብሏል።

«አየኋቸው» አለ ገበየሁ።

«ሁሉንም?»

«ሁለት ሁለት ጊዜ። የጻፉት ልክ ነው፤ ሁሉም ላይ የሚመለስ አለ። አንድ ነገር ግን ሳይጽፉ ቀርተዋል።»

«ምን?» አለች አልታዬ።

«ነርሷ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ገመድ የያዘ ወታደር ነበር። ማንንም እንዳታሳልፍ ተብሏል። ገመዱን ዝቅ አደረገላት። ባቡሩ ላይ ባንዲራ የያዘው ሽማግሌ ነበር፤ ሰዓቱ ደርሶ ባንዲራውን አላነሳም። ጉድጓዱ ጋ ያ ዘበኛ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ። አረብ አገር ያለው በረኛ ፊቱን አዞረ። ያ የልጆቹም…» እዚህ ላይ ትንሽ አቆመ፤ ሊስቅ ያሰበ ይመስል ነበር። «ውሻው አልጮኸም። በአምስቱም ውስጥ በር የሚጠብቅ አለ፤ በአምስቱም ያሳልፋል።»

«አላስተዋልኩትም» አለች አልታዬ። እውነቷን ነበር። መምህርት ሆና፣ ሁሉንም ሁለቴ አይታ፣ አንዱንም አላስተዋለችም።

«ማን ያስተውለዋል። ፊልሙም ራሱ ተመልሶ አያሳየውም። ገመዱን ዝቅ ያደረገው ወታደር ኋላ ምን እንደሆነ የትም የለም። ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት እሱን ፍለጋ ነው።» ላፕቶፑን ዘግቶ ወደ ሳዲቅ ገፋው። «ባዶ ነው፤ አጥፍቼዋለሁ። ነገ ከላይ የሚመጡ አሉ። እነሱ ፊልም አያዩም። መዝገብ ላይ ስማችሁ የለም፤ ዛሬ ትወጣላችሁ።»

ካርቶኑን ለአራት ቀዶ ኪሱ ከተተና ራሱ እስከ ግቢው በር ሸኛቸው። በሩን ለያዘው ጠባቂ «ምስክር ናቸው፣ ጨርሰዋል» አለው። ጠባቂው አንዴ የሳዲቅን ዓይን፣ አንዴ አለቃውን አየ። ከዚያ በሩን ከፈተ።

አልታዬ ደፉ ላይ ዞር አለች። «አንተስ?» አለችው፤ አንቱታው የት እንደጠፋባት አላወቀችም።

«ይሂዱ መምህርት» አላት። «ቶሎ ብለው ይሂዱ።»

ሳዲቅና ፈይዛ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ለደሴ ተነሱ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ፈይዛን በቅሎ ላይ አስቀምጠው ነው የሄዱት። አልታዬን እንሂድ ብለው ለመኗት። «ሦስታችንም አንድ ለት ከጠፋን ጥፋተኛ ነን ማለት ነው» አለቻቸው። «አንዳችን እዚህ መታየት አለብን።» ሳዲቅ እጇን ስሞ ግንባሩ ላይ አስነካው፤ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በዚያው ቀን አራት ሰዓት ላይ ሦስት መኪና በዋናው መንገድ ገባ። አልታዬ እንድትታይ ብላ በሯ ላይ ቆማ የተሰበረ ወንበር በሚስማር ትመታ ነበር። መኪኖቹ ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ በመካከለኛው መኪና የኋላ ወንበር ላይ፣ በሁለት ሰዎች መሀል፣ ገበየሁ ተቀምጦ ነበር። ኮፍያ አላደረገም። ወደ ፊት ነበር የሚያየው። መኪናው በፊቷ ሲያልፍ መዶሻውን እንደያዘች ቀረች።

ቆይታ ሁለት ሰው ጠየቀች። አንዱ ተዛወረ አላት። ሌላው «እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርስዎም ባያውቁት ይሻላል» ብሎ ጨመረበት። ሦስተኛ ሰው አልጠየቀችም። ስሙን ግን በልቧ ይዛዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ ስለት እንዳለበት ሰው፣ ትጠራዋለች።

መስከረም ላይ ኔትወርክ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል መምጣት ጀመረ። ሳዲቅ ደወለ። ፈይዛ ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ፈርሂያ ብለዋታል። እሱ አንድ ሰው ሱቅ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። «አልሀምዱሊላህ ደህና ነን» አለ። ከዚያ «ያ ሰውዬስ?» አላት። አልታዬ አፏን ከፈተች፣ መስመሩን የሚሰማ ሰው እንዳይኖር ፈርታ «ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው» አለችው። ሳዲቅም ገባው፤ «ጥሩ ነው ማለት ነው» አለና ስለ ሰውዬው ዳግመኛ አልጠየቀም።

ትምህርት ቤቱ በጥቅምት ተከፈተ። ከስድሳ ተማሪ ሃያ ሁለቱ መጡ። አልታዬ የቀሩትንም ስም ጨምራ ትጠራለች። በየስሙ ጥቂት ትጠብቅና ወደ ቀጣዩ ታልፋለች።

የሳዲቅ ሱቅ ብዙ ባዶ አልቆየም። ሦስት ሰዎች ተከራዩት። ምን እንደሚሸጡ አይታወቅም፤ በሩ ግማሽ ይከፈታል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። በስሱ ግድግዳ በኩል ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰማታል፣ ቃሉ ግን አይለይላትም። እሷ ስታስነጥስ ዝም ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ደብተሮቿን ታቅፋ ስትወጣ ከሦስቱ አንዱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች። ሁልጊዜ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ ሁልጊዜ በትህትና ጎንበስ ይላል።

«እንደምን አደሩ፣ መምህርት አልታዬ» ይላታል።

ስሟን ነግራቸው አታውቅም።